በከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚገኙ ልጆቻችን የመንፈስ ጤናና የማኅበራዊ መገናኛ አገልግሎት

ከጌታችን ልደት በኋላ በአራተኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ግድም፥ ከቀጰዶቅያ አገር የተነሣ አንድ ወጣት ትምህርቱን ለመፈጸም ወደ አቴና ከተማ ገባ። ይህ ወጣት ኋላ የቂሳርያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው፥ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትገለገልባቸው ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስ ነው። በዚያ ዘመን አቴና የጥበብ መፍለቂያ ተብላ የምትከበር ስለ ነበረች፥ ወጣቱ ስለ ከተማዪቱ ብዙ ሰምቶ፥ በልቡም ታላቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር። ገብቶ ባያት ጊዜ ግን እንደ ሰማት ሆና አላገኛትም። ነባሮቹ ተማሪዎች ዐዲስ የመጣውን ልጅ በሰልፍ እየጮኹና እየተሳለቁ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚወስዱበት፥ በክርክርም እያዋከቡ ኩራቱን የሚያበርዱበት ልማድ ነበራቸው። ከዚህም ሌላ ወዳጅ መስለው የቀረቡት አንዳንዶች ቅናት ይዟቸው በክርክር ሊያሳፍሩት ተነሡ። በዚህ ሁሉ ምክንያት ባስልዮስ እጅግ ዐዘነ፤ መምጣቱንም ነቀፈ፤ በከተማዪቱም አንዳች ፍሬ እንደማያገኝ ቈጠረ።

ይህን የሚተርክልን የልብ ወዳጁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ነው፤ ባስልዮስ ካረፈ በኋላ ለመታሰቢያው ባዘጋጀው ታላቅ ንግግር ውስጥ ጽፎታል። ጎርጎርዮስ ቀድሞት አቴና ደርሶ ስለ ነበረ፥ የባልንጀራውን የረጋ ጠባይ ለሌሎቹ አስረድቶ ከዚያ ከመሳለቂያው ሰልፍ እንዲቀር አደረገው። ባዘነም ጊዜ ከአጠገቡ ተቀምጦ፥ የአንድ አገር ጠባይ በጥቂት ቀን የሚመረመር እንዳልሆነ በቀስታ እየነገረ ኀዘኑን አቀለለለት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በአንድነት ኖሩ፤ መንገዳቸውም ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መምህራኖቻቸው ብቻ እንደ ነበረ ይኸው ጎርጎርዮስ ይመሰክራል።

ይህን ታሪክ ያነሣንበት ምክንያት አለን። በከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚገኝ አንድ ልጅ ልቡ ሲሰበር፥ እንቅልፍ ሲያጣ፥ ከሰው ሲሸሽ ባየን ጊዜ ከብዙዎቻችን አፍ ቶሎ የሚወጣው ቃል «ጸሎት ስላቃለልህ ነው» የሚል ነው። ባስልዮስ ግን ጸሎት ያቃለለ ልጅ አልነበረም። ያደገው በቅዱሳን ቤት ነው፤ አያቱ ማቅሪና፥ እናቱ ኤሚልያ፥ እኅቱም ማቅሪና በቅድስና የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ዐዘነ። ለኀዘኑም የተገኘለት የመጀመሪያው መድኃኒት ተግሣጽ ሳይሆን ቀድሞት የደረሰ፥ መንገዱንም የሚያውቅ አንድ ባልንጀራ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይገኛሉ። ተማሪው የሚመደብበትን ትምህርት ቤት አስቀድሞ የሚያውቀው አይደለም፤ በሰሜን የተወለደው ወደ ደቡብ፥ በምሥራቅ ያደገው ወደ ምዕራብ ይሄዳል። በቤቱ ሳለ እሑድ ጧት የሚቀሰቅሰው እናቱ ነበረች፤ ሲያጠፋ የሚገሥጸው፥ ሲጨነቅም የሚሰማው የንስሐ አባቱ ነበረ፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ከሕፃንነቱ የሚያውቁት እኅቶችና ወንድሞች ነበሩት። በአንድ ሌሊት የአውቶቡስ መንገድ እነዚህን ሁሉ አጥቶ፥ ቋንቋቸውንና ልማዳቸውን ከማያውቃቸው ብዙ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል በተደራራቢ አልጋ ይተኛል። በመንደሩ ከሁሉ የበለጠ ተማሪ የነበረው፥ እዚያ እንደ እርሱ ካሉት በሺሕ ከሚቈጠሩት አንዱ ይሆናል። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ሲለጠፍ ስሙን ከታች ያገኘዋል። ለአባቱም በስልክ «ደኅና ነኝ» ይላል።

የፈተናውም ነገር እንዲሁ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በጥር 2015 ዓ.ም. ውጤቱ በታወቀው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና፥ ከተፈታኞቹ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በዚሁ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪው ትምህርቱን ፈጽሞ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት የመውጫ ፈተና እንዲያልፍ ተደነገገ። የትምህርት ጥራት እንዲጠበቅ ማድረግ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ሆኖም በመግቢያውም በመውጫውም እንዲህ ያለ ሸክም የሚጠብቀው ልጅ፥ በመካከሉ ደግሞ ስለ ቤተ ሰቦቹ ደኅንነት የሚጨነቅበት ዘመን ሲጨመርበት፥ ምን ያህል እንደሚከብደው ካህናትና ወላጆች ልናስተውል ይገባናል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች መሞታቸውን፥ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው መሸሻቸውን ማን ይረሳዋል? ያን ጊዜ ፍርሃቱን ካባባሱት ነገሮች አንዱ በእጅ ስልክ ከክፍል ወደ ክፍል ይተላለፍ የነበረው ያልተጣራ ወሬ ነበር።

እንግዲህ ማኅበራዊ መገናኛ የሚባለውን ነገር ከምንጩ ጀምረን እንመልከተው። ፌስቡክ የሚባለው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ነው። በመጀመሪያ ለዚያው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ለሌሎች ኮሌጆች ተራ በተራ ተፈቀደ፤ ወደ ሌላው ሕዝብ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ከመነሻው የተማሪ መሣሪያ ነበር ማለት ይቻላል። ለሁሉም ኮሌጆች በአንድ ቀን ስላልደረሰ፥ ሊቃውንት የደረሰባቸውን ትምህርት ቤቶች ካልደረሰባቸው ጋር ለማነጻጸር ተመቻቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. ታትሞ የወጣው ምርመራቸው እንደሚያስረዳው፥ ፌስቡክ በገባባቸው ኮሌጆች የተማሪዎቹ የመንፈስ ጤና ተጐድቶ ተገኝቷል። የጉዳቱን ምክንያት ሲመረምሩም፥ ተማሪው ራሱን ከሌላው ጋር እያስተያየ እኔ ከሁሉ አንሳለሁ ማለቱ ዋነኛው መስሎ ታያቸው።

እኛ ይህን ለመረዳት ብዙ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። በመንደራችን የጎረቤታችንን ሰርግ እናያለን፤ ልቅሶውንም እናያለን። ዛሬ ካባ ለብሶ ያየነውን ሰው በሳልስቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እናገኘዋለን። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንደ እኛው የሚዘንምበትና የሚያባራበት መሆኑን እናውቃለን። በማኅበራዊ መገናኛ ግን ሁሉም የበዓል ልብሱን ብቻ ለብሶ ይወጣል። የተመረቀው ፎቶግራፉን ያወጣል፤ የወደቀው ዝም ይላል። ወደ ውጭ አገር የሄደው ከረጅም ሕንጻ ሥር ቆሞ ይታያል፤ ሌሊት ሌሊት ዕቃ እያጠበ የሚያለቅሰውን ግን ማንም አያየውም። ልጁም በተደራራቢ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ይህን ሲመለከት የሚያየው የሰውን ሁሉ ፋሲካ ነው፤ ሕማማቱን የሚያውቀው የራሱን ብቻ ነው።

ሁለተኛ ምርመራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. በአሜሪካ በፔንስልቫንያ ዩኒቨርሲቲ 143 ተማሪዎች በሁለት ተከፈሉ። እኩሌቶቹ ፌስቡክን፥ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን እያንዳንዱን በቀን ከ10 ደቂቃ በላይ እንዳይመለከቱ ተወሰነባቸው፤ እኩሌቶቹ እንደ ልማዳቸው ቀጠሉ። ሦስት ሳምንት በተፈጸመ ጊዜ፥ የተወሰነባቸው ልጆች የብቸኝነት ስሜታቸውና ድባቴያቸው ቀንሶ ተገኘ፤ አስቀድሞ ድባቴው የጸናባቸውም በይበልጥ ተጠቀሙ። ሆኖም እኛን ያስደነቀን ሌላ ነገር ነው። ያልተወሰነባቸውም ልጆች ቢሆኑ ጭንቀታቸው በመጠኑ ቀለለ። መርማሪዎቹም ይህን የተረጐሙት፥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያሳልፉ መቈጣጠር በመጀመራቸው ነው ብለው ነው። አባቶቻችን መነኰሳት ማታ ማታ የዋሉበትን እንዲመረምሩ የታዘዙት ያለ ምክንያት አልነበረም!

ይህን የሚሰሙ አንዳንድ አባቶች «እንግዲያውስ መሣሪያውን ጨርሶ መጣል ነው» ይላሉ። ቅንዓታቸውን እናከብራለን፤ ምክራቸው ግን የሚፈጸም አይደለም። ዛሬ መምህሩ የትምህርቱን ጽሑፍ የሚልከው በቴሌግራም ነው፤ የፈተናውም ቀን የሚነገረው በዚያው ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪዎች ወደየአገራቸው በተበተኑ ጊዜ፥ የብዙ ግቢ ጉባኤያት አንድነት ሳይፈርስ የቈየው በዚሁ መሣሪያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ጉዳይ ዋና ሐኪምም እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ስለ ወጣቶችና ስለ ማኅበራዊ መገናኛ ባወጡት ማስገንዘቢያ ጉዳቱን በብርቱ ከገለጹ በኋላ፥ ለብቸኞች ወዳጅ ማግኛ መሆኑንም ሳይክዱ ተናግረዋል። ራሱ ቅዱስ ባስልዮስ ወጣቶች የአሕዛብን መጻሕፍት እንዴት ማንበብ እንደሚገባቸው ባስተማረበት ድርሳን፥ በንብ መስሎ አስረድቷቸዋል፤ ንብ በአበባው ሁሉ ላይ እንደማታርፍ፥ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ብቻ ወስዳ ሌላውን እንደምትተው ነው።

በዚህ ነገር የራሳችንን በደል ሳንናገር ብናልፍ ትምህርታችን ግብዝነት ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በምትገኝ ቤተ ክርስቲያን ለሚሰበሰቡ ተማሪዎች እናስተምር ነበር። ጉባኤው በቴሌግራም ከ600 በላይ አባላት ያሉት የመልእክት መለዋወጫ ነበረው፤ እኛም በዚያ ውስጥ ነበርን። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፥ በመዝሙርም የሚያገለግል፥ ከሌሊቱ በ6 ሰዓት እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትሁ። የነቃ ሰው አለ?» ይኸው ብቻ ነበር። እስኪነጋ ድረስ ዐሥራ አንድ ሰዎች ለጸሎት የተጋጠሙ እጆች ያሉበትን ምልክት ከጽሑፉ ሥር አደረጉ። አንዱ ደግሞ የዕለቱን የቅዱስ በዓል ማስታወቂያ ለጠፈና የልጁ ጽሑፍ ወደ ላይ ወጥቶ ተሰወረ። እኛም ጧት አንብበነው፥ «ወጣትነት ነው» ብለን አለፍነው።

በሦስተኛው ሳምንት አብሮት የሚያድር ልጅ መጥቶ፥ ባልንጀራው ትምህርት መሄድ መተዉን፥ እህልም በወጉ እንደማይቀምስ ነገረን። ደንግጠን ሄድን። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ አገኘነው። ከብዙ ዝምታ በኋላ «አባ፥ ያን ሌሊት የጻፍሁትን አንብበውት ነበር?» ብሎ ጠየቀን። መዋሸት አልተቻለንም። «አንብበነው ነበር ልጄ» አልነው። «እኔም ምልክቶቹን ቈጥሬያቸዋለሁ፤ ዐሥራ አንድ ናቸው» አለና ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንናገራለን። ወደ ሐኪም ተወሰደ፤ መድኃኒት ታዘዘለት፤ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፥ በሚቀጥለው ዓመት ድኖ መጣ። እኛ ግን ያ ቍጥር ከልባችን አልጠፋም። ሳምራዊው በመንገድ የወደቀውን ሰው ባገኘ ጊዜ ከአህያው ወረደ፤ ቁስሉን አጠበ፤ ገንዘቡንም አወጣ። ካህኑና ሌዋዊው ግን አይተው አለፉ። እነርሱስ ቢሆኑ ምናልባት ሲያልፉ ጸሎት አድርገውለት ይሆናል።

ልጁ በተመለሰ ጊዜ አንድ ነገር አመለከተን። «ቤተ ክርስቲያን ሌሊት አትተኛም፤ ሰዓታት አለ፤ ማኅሌት አለ፤ እኛስ ለምን በተራ አንነቃም?» አለ። ቃሉ እውነት ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ በጉባኤው ነባር ከሆኑት ተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሌሊቱን በተራ እንዲጠብቁ ተወሰነ። ማታ ማታ የተረኞቹ ስም ይለጠፋል፤ መናገር የፈለገ በአደባባይ ሳይሆን ለእነርሱ ብቻ በግል ይጽፋል። ደግሞም ዐዲስ የገቡት ተማሪዎች ዐሥር ዐሥር እየሆኑ ለአንድ ነባር ተማሪ ተሰጡ፤ እርሱም በሳምንት አንድ ጊዜ ለእያንዳንዳቸው በስማቸው ይጽፍላቸዋል፤ መልስ ያልሰጠውን በእግሩ ሄዶ ይጠይቀዋል። በዚህ አሠራር ታላቁ ነገር ይህ የመጨረሻው ነው። ለስድስት መቶ ሰው የተጻፈ መልእክት ለማንም እንዳልተጻፈ ያህል ነው፤ ለአንድ ሰው በስሙ የተጻፈ ግን መልስ ይጠብቃል፤ መልስ ሲቀርም ያስደነግጣል።

ሐዋርያትም ይህን ሥርዓት ያውቁት ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ ሊደርስባቸው ያልቻለውን ምእመናን በመልእክት ያጽናናቸው ነበር፤ በመልእክቱም መጨረሻ ሰዎቹን በየስማቸው እየጠራ ሰላምታ ይሰጥ ነበር። ለሮሜ ሰዎች የጻፈውን የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበበ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቅዱስ ዮሐንስ ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው መልእክቱ ፍጻሜ ብዙ የሚጽፈው ነገር ሳለው በወረቀትና በቀለም ሊፈጽመው እንዳልወደደ፥ ፊት ለፊት ተገናኝቶ ሊናገር ተስፋ እንዳደረገ ያስታውቃል። እንግዲህ ጽሕፈት ድልድይ ነው፤ ቤት አይደለም። በቴሌግራም የተጀመረ ማጽናናት በተቻለ መጠን አብሮ ወደ መቀመጥ፥ አብሮም ወደ መብላት ሊደርስ ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ደግሞ፥ አንድ ልጅ ሞትን እንደሚመኝ የሚያመለክት ቃል በጻፈ ጊዜ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ዓ.ም. ባወጣው ቍጥር መሠረት፥ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ከሚገኙት መካከል ራስን ማጥፋት ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። ይህን ነገር ማንሣት ለልጁ ያላሰበውን ማሳሰብ መስሏቸው ዝም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በርኅራኄ፥ በግልጥ ቃል «ራስህን ለመጕዳት አስበሃልን?» ብሎ መጠየቅ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ አይጨምርበትም። መልሱ «አዎን» የሆነ እንደ ሆነ፥ ከእርሱ ጋር መጻጻፉ ሳይቋረጥ አጠገቡ ያለ ሰው ቶሎ ሄዶ አብሮት መቀመጥ፥ ብቻውን አለመተው፥ ሊጐዳበት የሚችለውንም ነገር ማራቅ፥ ከዚያም ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። ምሽት ነው፥ በር ተዘግቷል፥ ነገ ይደርሳል ማለት በዚህ ነገር አይሠራም። ጽሑፉንም ለሌሎች ማስተላለፍ፥ ስለ ሞቱም ሰዎች ሁኔታውን እየዘረዘሩ መጻፍ ሌሎችን የሚያሰናክል ስለ ሆነ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

ነቢዩ ኤልያስም በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሱ እንድትወሰድ የለመነበት ጊዜ ነበር። እግዚአብሔር የላከለት መልአክ አስቀድሞ ያደረገለት ምን እንደ ሆነ ልብ እንበል። አልገሠጸውም፤ የእምነትህ ጽናት የት ሄደ አላለውም። እንጀራና ውኃ አቀረበለት፤ በላ፥ ጠጣ፥ ደግሞም ተኛ። ሁለተኛም ቀስቅሶ መገበው። ወደ ኮሬብ ተራራ የሄደውና የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ በላ ወይ፥ ተኛ ወይ ብሎ መጠየቅ ከመልአኩ የተማርነው የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ስለ ሕክምናም ጥቂት ቃል እንጨምራለን፤ ብዙ ልጆች በዚህ ተጐድተዋልና። ድባቴ የጸናበትን ተማሪ «መድኃኒቱን ጣል፤ ጠበል ይበቃሃል» የሚሉ፥ ይህንንም በቲክቶክና በዩቲዩብ የሚያሠራጩ ሰዎች አሉ። ይህ የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር፥ መድኃኒትንም እግዚአብሔር ከምድር እንደ ፈጠረ ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤድስ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ፥ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን ለሕዝቡ አስገንዝበዋል። ለሥጋ በሽታ የተነገረው ለአእምሮ ሕመምም ይሠራል። ገንዘብ በስልክ እያስላኩ ትንቢት የሚናገሩትንና ፈውስ የሚሸጡትን ግን ተማሪዎቻችን ከሩቁ ሊለዩአቸው ይገባል፤ ካህናትም ይህን በስም ሳይሆን በሥራቸው እየገለጡ ሊያስተምሩ ይገባል።

ለካህናት በተለይ የምናሳስበው ሌላ ጉዳይ አለ። ከሩቅ ያለ የንስሐ ልጅ በስልክ ሲጽፍ ማጽናናት፥ መምከር፥ መቼ እንደሚገናኙ ቀን መቍረጥ መልካም ነው። ኀጢአቱን ዘርዝሮ በጽሑፍ እንዲናዘዝ ግን መፍቀድ አይገባም። ንስሐ በካህኑ ፊት ቀርቦ የሚፈጸም ምሥጢር ነው፤ ከዚህም በላይ የተጻፈው ነገር በመሣሪያው ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፤ ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ለሌላ ሰው ሲሰጥ የልጁ ምሥጢር በአደባባይ ይወጣል። ደግሞም የታመመ ልጅ ፎቶግራፍ «ጸልዩለት» ተብሎ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ አይተናል። አሳቡ ቅን ነው። ልጁ ግን ድኖ ወደ ትምህርቱ በተመለሰ ጊዜ ሰው ሁሉ በዚያ ፎቶግራፍ እያወቀው መኖር ይሆንበታል። ለጸሎት ክርስትና ስሙ ይበቃል፤ እግዚአብሔር መልኩን ያውቀዋል።

ስለ መጠኑም፥ ምእመናናችን ጾም የሚያውቁ ሕዝብ ስለ ሆኑ ብዙ መናገር አያስፈልገንም። በሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ስልክን ማኖር፥ በረቡዕና በዓርብ እስከ ተወሰነው ሰዓት ዐይንንም ማስጾም፥ ከመኝታ በፊት ደግሞ መሣሪያውን ከአልጋ አርቆ ማስቀመጥ ለተማሪ የሚከብድ ቀንበር አይደለም። ይህን የሞከሩ ተማሪዎች እንቅልፋቸው እንደ ተመለሰ ነግረውናል።

አሁን ስለዚያ ተማሪ አንድ ነገር ጨምረን እንፈጽማለን። ተረኛ በሆነባቸው ሌሊቶች ለዐዲሶቹ ልጆች የሚጽፈውን አንድ ቀን አሳየን። መንፈሳዊ ምክር ይሆናል ብለን ጠብቀን ነበር፤ እርሱ ግን የሚጽፈው ስለ ተማሪ ቤት ምሳ፥ ወጡ ውስጥ ምስር ፍለጋ ስለሚደረገው ዘመቻ፥ ከላይ አልጋ የሚተኛው ልጅ በሕልሙ ሒሳብ እየሠራ ስለ መጮኹ ነበር። ልጆቹም ይስቁና ከሳቁ በኋላ የልባቸውን ይነግሩታል። በመጀመሪያ ቀልድ በዛ ብለን ልንገሥጸው ቃጥቶን ነበር። ኋላ ግን ያ የቅዱስ ባስልዮስ ወዳጅ ትዝ አለን። ባስልዮስ በጰንጦስ ምድረ በዳ ገዳም መሥርቶ በነበረ ጊዜ፥ ጎርጎርዮስ እዚያ ከርሞ ሲመለስ በጻፈለት መልእክት ስለ ቤቱ እጅግ ተሳልቆበታል፤ ክዳንና በር የሌለው ቤት መሆኑን፥ እሳት የማይነድበትን ምድጃ፥ ጥርስ የሚሰብረውን እንጀራ፥ የባስልዮስም እናት ባትደርስላቸው ኖሮ እንደሚያልቁ እያነሣ። ቀጥሎ በጻፈው መልእክት ግን ያ ሁሉ ጨዋታ እንደ ነበረ ገልጦ፥ አብረው የጸለዩበትን፥ እንጨት የተሸከሙበትንና ድንጋይ የጠረቡበትን ቀን እንደሚናፍቅ ይነግረዋል፤ በዚያም ስለ ነበረችው አንዲት ዛፍ ያስታውሰዋል፤ እርሱ ጎርጎርዮስ የተከላት፥ ባስልዮስም ውኃ ያጠጣት ነበረች።